የሰባ ጉብታ

መስከረም 12

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ አለን። «ዝም ያልሽኝ ተቀይመሽኝ ነው ወይ» ላልከው፣ አልተቀየምኩም። የወፍጮው ቺንጋ ተበጥሶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንከራተት ነው የከረምኩት። ብቀየምማ ኖሮ ቶሎ እጽፍልህ ነበር፤ ታውቀኛለህ።

ፎቶህ ደርሶኛል። ከረባት ያምርብሃል። አባባ ዓይኑ አላይ ስላለው እኔ ነኝ ያነበብኩለት፣ ፎቶ ይነበባል ከተባለ። «ወፍሯል ወይ?» አለኝ። «ትንሽ ሰባ ብሏል» አልኩት። ያቺን ቃል እንዳልኩ እኔው ደነገጥኩ። ለምን እንደደነገጥኩ ልንገርህ።

ባለፈው ሳምንት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በጉብታው ዙሪያ ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ተተክለው አየሁ። ሄጄ ጠየቅሁ። አዲሱ መንገድ በረግረጉ ላይ ስለሚያልፍ ለሙሌት ብዙ አፈር ይፈለጋል፣ የቅርቡ አፈር ደግሞ ይኸው ነው አሉኝ። ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ። እንዲህ ይላል፦ «የሰባ ጉብታ። ትርጉም፦ የደለበ ከብት ይታሰርበት የነበረ ቦታ። የእበትና የአመድ ክምር እንጂ ጥንታዊ መቃብር አይደለም። ማንሳት ይቻላል።» ከሥሩ ምንጩ ተጽፏል፦ የካርታ መሥሪያ ቤት፣ የቦታ ስም መዝገብ። ያንተው ክፍል ማለት ነው።

እኔና አንተ እዚያ ጉብታ ላይ ስንንሸራተት አባባ ስንት ጊዜ ነው ጆሯችንን ይዞ ያወረደን? «ከሰባ ሰው ራስ ላይ ውረዱ!» እያለ። ሰባ። «ባ» ላልታ። ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። እኛ ሰፈር አንድ ቀን እንኳ አጥብቆ የጠራት ሰው የለም።

የቅርስ ኮሚቴው ጥቅምት 20 እዚሁ አዳራሽ መጥቶ ይወስናል። እኛ ብንናገር «መንገዱ ሲመጣባችሁ ነው ቁጥር ያደረጋችሁት» እንደሚሉን ኢንጂነሩ ከወዲሁ ነግሮኛል። የሚሰሙት የመዝገቡን ሰው ነው። ስለዚህ ና። ጻፍ አላልኩህም፣ ና ነው ያልኩህ። ይሄ ነገር በአፍ ካልሆነ አይለይም።

ወረቀቱ ላይ ያለው ዱቄት ነው፤ ታጥቤ ነበር፣ አለቀቀኝም።

እህትህ


መስከረም 25

ለምወድሽ እታለም፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽ እንዴት ነው? ቺንጋው ተገኘ? የአባባስ ጉልበት? ያ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም አብሮት ነው? እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ስብሰባ በስብሰባ ላይ በነበርንበት ሳምንት ስለሆነ መልሱ ዘገየ፤ ይቅርታሽን።

«ያንተው ክፍል ማለት ነው» ላልሽው፣ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይህን አልክድም። ከቀያሾቹ ጋር የመጣሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል፤ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፣ አንዱን ጫማዬን ረግረጉ በልቶብኝ አንቺ ነጠላ ጫማሽን ሰጥተሽኛል። ሦስት ቀን ሙሉ አባባ እየጠራ እኔ እየጻፍኩ ዞርን። «የሰባ ጉብታ» አለኝ፣ «የሰባ ጉብታ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ልጻፍ? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ ጥፋቱ የፊደሉ ነው። «ትርጉም» የሚለውን ዓምድ የሞላችው ታይፒስቷ ትሆናለች። እሷም ጡረታ ከወጣች ቆይታለች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ደግሞ ያመጣው ዶክተሩ ነው፣ የጥንት ጉብታዎችን የሚያጠናው። መጽሐፉ ውስጥ የእኛ ጉብታ ሁለት ገጽ አላት። ሳይቆፍር ነው የጻፈው። ስሟ ከብት ካለ ምን ብሎ ይቆፍራል? ከእሱ በኋላ የጻፉት ሁሉ እሱን ጠቅሰው ነው ያለፉት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው አካፋ አላነሳም።

የመምጣቱን ነገር ግን እንዴት ላድርገው? ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። ጣራው አፍስሶ ሦስት መሳቢያ ካርድ ርሶብን፣ አሁን በየመስኮቱ ዘርግተን እያደረቅን ነው። እስቲ መጀመሪያ ዋናውን ካርድ ልፈልገው። ለአባባ በጣም እንደናፈቀኝ ንገሪልኝ።

በትንሿ ወረቀት የጠየቅሁሽን እንዳትረሺ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 3

ይድረስ ለተከበረው የመዝገብ ሰው፣

አባባን ጠይቀሃል፤ ደህና ነው። ሳሉን ጠይቀሃል፤ ሳሉማ ከአባባ ይልቅ ጉልበት አለው። ቺንጋውም ተገኝቷል። እንግዲህ ሰላምታው በዚህ ይብቃን።

ታይፒስቷ! ወይ አንተ! ልጅ ሆነህ የውሃ እንስራ ስትሰብር «ድመቷ ናት» ትል ነበር። ድመት አልነበረንም።

በትንሿ ወረቀት «የንግሥት ጉብታ ታጠረ ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው?» ብለሃል። እውነት ነው፤ ታጥሯል፣ ዘበኛም ተቀጥሮለታል። ዶክተርህ «የንግሥት» የሚል ስም ካርታ ላይ ሲያይ ሁለት ወር ቆፈረ። ድንጋይ አገኘ። «ዘራፊዎች ቀድመውኛል» ብሎ ጻፈ። ንግሥት እኮ የወፍጮ ቤቱ የፊተኛ ባለቤት በቅሎ ናት! እዚያ ድንጋይ ላይ ወድቃ እግሯን ሰብራ ነው ስሙ የወጣው። አባባ ይህን በሰማ ጊዜ ሲስቅ ውሎ ሳሉ ቀሰቀሰበት። እኔ ግን ብዙ አልሳቅሁም። በቅሎዋ ዘበኛ አላት፣ ሰባዎቹ ችካል አላቸው።

ትናንት እህል ስላልነበረ ሞተሩን አጥፍቼ አባባን ጠየቅሁት። ማን ናቸው? በምን አለቁ? በሽታ ነው? ጦርነት ነው? «አላውቅም» አለኝ። «አባቴም አያውቅም፣ የአባቴም አባት አያውቅም። ስማቸውን የሚያውቅ ድሮ አልቋል። እኔ የተረከብኩት ቁጥራቸውን ብቻ ነው። እሱንም ለጸሐፊው ልጄ አስረክቤያለሁ። መንግሥት ቤት ነው የተቀመጠው፤ አይጠፋም።» ይህን ሲል ደስ ብሎት ነበር። እኔም አላረምኩትም።

እውነቱን ንገረኝና ና።

እህትህ


ጥቅምት 12

እታለም፣

ካርዱን አገኘሁት። መስኮት ላይ ከተዘረጉት መካከል ነበር። «ትርጉም» የሚለው ዓምድ ላይ ያለው ጽሕፈት የእኔ ነው። ያን ጊዜ ሰማያዊ ቀለም እጠቀም ነበር፣ ዳር ዳሩን ረጥቦ ፈሷል፤ ይነበባል ግን።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ። ዶክተሩ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። «ይኼ የሰባ የሚለው፣ ያው የሰባ ከብት ማለት ነው አይደል?» አለኝ። አጠበቀው። አለቃዬ ከጎኑ ቆሞ ፈገግ ብሏል። ዶክተሩ ሁለቱን ገጽ አስቀድሞ ጽፎ በእጁ ይዟል፤ እኔን የጠየቀኝ ለወጉ ነው። «አይደለም» አንዲት ቃል ናት እታለም፤ አፌ ላይ ነበረች። ከገጠር በመጣሁ በስድስተኛው ወር ነው። «አዎ ጌታዬ» አልኩ። «እንግዲያው ሙላው» አለኝ። ሞላሁት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕሊናዬ ሲወቅሰኝ ኖረ ብልሽ ደስ ባለኝ። አልወቀሰኝም። ረስቼው ነበር።

«ታዲያ ለምን አትመጣም» ትያለሽ። ኮሚቴውን የሚሰበስበው ዶክተሩ ራሱ ነው። የሚቀጥለውን ነገር ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር፦ ለዋና መዝጋቢነት ታጭቻለሁ፣ ሹመቱን ከሚያጸድቁት ሰዎች አንዱም እሱ ነው። ከስንት ሰው ፊት ቆሜ «ያን ቀን ዋሽቼሃለሁ፣ አንተም መጽሐፍህም ተሳስታችኋል» ልለው? አልችልም። ፈሪ በይኝ፣ እውነትሽን ነው።

ዝም ግን አላልኩም። ለኮሚቴው ጸሐፊ በእጄ ጽፌ ወረቀት ልኬያለሁ። አጭር ናት፣ ግን ቁልጭ ያለች ናት። ማንንም ሳላስቀይም ስህተቱን አርሜዋለሁ። ሲነበብ ትሰሚያለሽ፤ ያኔ ትንሽ ይቅር ትይኛለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 21

ወንድሜ፣

ወረቀትህ ተነበበች።

አባባ ካልሄድኩ ብሎ አስቸገረኝ፤ በወፍጮ ቤቱ ጋሪ ላይ ማዳበሪያ ደልድዬለት ገፍቼ ወሰድኩት። የልጁ ወረቀት እንደሚነበብ ነግሬው ስለነበር ከፊት ወንበር ካልሆነ አልቀመጥም አለ። ጆሮው እንደሆነ እንኳን የሰው ንግግር የዱቄት መድቀቅ ይለያል።

ጸሐፊዋ መነጽሯን አደረገችና «ከመዝገብ ክፍል የተላከ ማስታወሻ» አለች። ቀጥላ እንዲህ ስትል አነበበች፦ «የጉብታው ስም የሰባ እንጂ የሰባ ስላልሆነ፣ ኮሚቴው ይህንኑ ግንዛቤ ውስጥ እንዲያስገባ በትሕትና አሳስባለሁ።»

ሁለቱንም አጠበቀቻቸው። ለምን አታጠብቅ? ፊቷ የተዘረጋው መዝገብ ከብት ነው የሚለው። ቆም አለች፣ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ መልሳ አነበበችው። ያው ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ራሴ፣ አፈር ልብላ፣ ሳቅሁ።

«የሰባ እንጂ የሰባ አይደለም!» ሠላሳ ዓመት ስም ስትጽፍ የኖርክ ሰውዬ! ፸ ብለህ ብትጽፍ ምን ነበረበት? «ቁጥር» የምትል አንዲት ቃል ጣል ብታደርግስ? ለምን እንዳልጨመርክ ግን አውቃለሁ። ብትጨምር «ታዲያ ከብት ነው ያለው ማነው?» ይባላል። ስለዚህ ነገሩን ሳትነካው አርመህ ልታልፍ ፈለግህ። ለራስህ ስታነበው አንዱን አላልተህ ሌላውን አጥብቀህ ነው ያነበብከው፣ ለዚያ ነው ቁልጭ ያለልህ። ድምፅህ ግን ፖስታው ውስጥ አልገባም።

ተነስቼ ተናገርኩ። ዶክተሩ በጨዋ ደንብ አዳመጠኝ። «እህቴ፣ እርስዎ ባለጉዳይ ነዎት» አለ። «ባለሙያው ደግሞ ምን ለማለት እንደፈለገ እንደሰማችሁት ነው።» ያን ጊዜ አባባ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቆመ። «ሰባ» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በደንብ አላልቶ። ጸሐፊዋም ጻፈች። ቃለ ጉባኤውን ዛሬ ጠዋት ለጥፈውት አየሁት፦ «የአካባቢው አዛውንትም የሰባ መሆኑን አረጋግጠዋል።» ለማፍረስ ድጋፍ ተብሎ ነው የተቆጠረበት።

ሥራው ኅዳር 10 ይጀመራል። አሁንም ጊዜ አለህ፤ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል ነው። ብቻ መጥተህ አፍህን ክፈት።

አባባ እስከ ቤት ድረስ ጋሪው ላይ ሆኖ ሲሟገት ነበር። «ልጄስ ደህና አድርጎ ጽፎታል። አንባቢዋ ናት ያበላሸችው» ይላል።

እህትህ


ኅዳር 2

እታለም፣

ደብዳቤሽን አንብቤ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ምን ነካኝ? እውነትሽን ነው፤ ስጽፈው በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር።

አሁን በአኃዝም በፊደልም አድርጌ ሌላ ጽፌያለሁ። «ቁጥር» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ አለበት። ነገር ግን ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ በአለቃ ፊርማ መውጣት ስላለበት ትንሽ ይቆያል። መሣሪያው እንደሚዘገይም ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ መቼም በቀኑ አይጀመርም። እኔ ኅዳር 20 እመጣለሁ። ቁርጥ ነው፣ ለአባባ ንገሪው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ዓምዱን የሞላሁት እኔ መሆኔን ነግረሽዋል? ካልነገርሽው እባክሽ፣ በእናታችን ይዤሻለሁ፣ አትንገሪው።

ስለ እሱስ ለምን በደንብ አትጽፊልኝም? «ደህና ነው» ብቻ ነው የምትይኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 5

ይድረስ ለዋና መዝጋቢው፣

ሹመትህን ያወቅሁት ባለፈው ከላክኸው ባዶ ፖስታ ማህተም ነው። «መልስ ጻፊልኝ» ብለህ ቴምብር ለጥፈህ የላክኸው፣ እሱ። እንኳን ደስ ያለህ። በዚያው ነው የምጽፍልህ፤ እንዳይባክን።

«ስለ አባባ ንገሪኝ» ብለሃል። እነግርሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን የጉብታውን ልጨርስልህ።

መሣሪያው አልዘገየም። ኅዳር 10 በጠዋት መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ገልባጭ መኪኖች አፈሩን ወደ ረግረጉ ሲያመላልሱ ወፍጮ ቤቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። የመሣሪያው ሾፌር ደጄ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ዱቄት ሳይነካው ፊቱ ነጭ ሆኗል። «እናቴ፣ ይሄ እኮ የከብት ራስ አይደለም» አለኝ። ማንም ሳያዘው ነው ሞተሩን ያጠፋው። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ «አይደለም» ያለ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ንጹሕ ማዳበሪያ እየቀደድን መሬት ላይ አነጠፍን፤ የተገኘውን እያነሳን በተርታ አስቀመጥን። አባባ አምጡኝ አለ። ተንበርክኮ አንድ በአንድ በእጁ እየዳሰሰ ቆጠረ። አርባ አንድ ላይ ሲደርስ እጁ ባዶ ማዳበሪያ ነካ። «ቀጥይ» አለኝ። «አለቀ አባባ» አልኩት። «አላለቀም። ሰባ ናቸው» አለኝ።

ሃያ ዘጠኙ መንገዱ ሥር ናቸው። ያ ስም ባይኖር አርባ አንድ ሙሉ ነው ብለን ቤታችን እንገባ ነበር፤ የጎደለ መኖሩን የሚያውቅ አይገኝም። አስፋልቱ ሳምንት ሳይሞላው ይነጠፋል አሉ። በዚያ በኩል ስትመጣ፣ ከመጣህ፣ የአውቶቡሱን ሾፌር ቀስ በል በለው።

ዶክተርህም ብሩሽና ሣጥን ይዞ መጣ። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ «ታላቅ ግኝት ነው» አለኝ። አሁን የሚጽፈው ምን መሰለህ? ቦታው መጀመሪያ የከብት ማድለቢያ ነበረ፣ ኋላ መቃብር ሆነ ነው የሚለው። ለምን ቢባል ስሙ ይመሰክራላ! ያንተ ሁለተኛ ደብዳቤ ደርሶት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አልደረሰኝም አለ። ሰሌዳም አቁመዋል፦ «የሰባ ጉብታ»። አንድ ፊደል መቀየር አላስፈለጋቸውም። ጉብታ የሚባል ነገር ግን የለም፤ ሰሌዳው የቆመው ሜዳ ላይ ነው። አላፊ አግዳሚው ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ ብዙው ያጠብቀዋል።

አባባ ኅዳር 17 አረፈ።

አልጻፍኩልህም። በ20 ቁርጥ እመጣለሁ ስላልክ፣ በፖስታ ከሚነገርህ ቤት ገብተህ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። 20 አለፈ፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ወጥቼ ነበር። በማግስቱም ወጣሁ። ከዚያ ፖስታህ መጣ፣ ከነማህተሙ።

ዓምዱን ማን እንደሞላው አልነገርኩትም። ይህን ያደረግሁት ለእሱ ስል ነው፤ ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ወፍጮውን ዘግቼ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሞተሩ ስለጠፋ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አልሰማሁም ማለት አልችልም። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። «ልጄ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አለ» አልኩት። እጄን ጨበጥ አደረገኝ፣ ሌላ አልጠየቀኝም።

«አለ»ን አላልቶት ከሆነ፣ ያቺን «ሰባ» ሄደህ በአፍህ ማለትህን ነው የጠየቀኝ። አጥብቆት ከሆነ፣ እዚህ እኛ ጋ መኖርህን ነው። የትኛው እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተም አልጽፍልህም፤ ብጽፈውም ወረቀቱ አይዘውም። የስም ሰው አይደለህ? እንደፈቀደህ አንብበው። ላልቶም ይነበብ ጠብቆ፣ በሁለቱም ዋሽቼልሃለሁ።

እህትህ